ባለ አራት ረድፍ ገበጣ

አጎቴ ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለ አራት ረድፍ ገበጣ ተቀምጧል። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል። የእኛ አገር ገበጣ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ ባለ ሦስትም አለ። ባለ አራት ግን ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ቤት አላየሁም። አንዳንዱ እንግዳ አናጺው ተሳስቶ ነው ይላል። አንዲት ጎረቤታችን የእንቁላል ማስቀመጫ መስሏት ዋጋውን ጠይቃ ነበር።

አጎቴ ለማንም አያስረዱም። "የጎረቤት ዕቃ ነው" ይላሉ፣ በቃ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን ኢትዮጵያ የሴካፋ ዋንጫን አዘጋጅታ ጨዋታው አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ ተከፋፍሎ ነበር። ሴካፋ ማለት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት ነው። የጎረቤታሞች ዋንጫ ብንለው ይቀላል።

ከተማችን እንግዳ ብርቋ አይደለም። ካሜራ አንግቶ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገር ፈረንጅ ሞልቷል። የዚያ ሰሞን እንግዳ ግን ሌላ ነበር። መልኩ የኛው ነው፤ ትራክሱት ለብሷል፤ አማርኛ አይችልም። የባጃጅ ሾፌሮቹ ግራ ገባቸው። አንዱ ሾፌር ዋጋ ሲነግረው በእንግሊዝኛ የመለሰለትን ተጫዋች "ኧረ አታካብድ ወንድሜ!" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተጫዋቹ ነገሩ ባይገባውም ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ። ዋጋው ግን አልቀነሰም።

አጎቴ ጀልባ ነጂ ነበሩ። ከጡረታ በኋላም ወደቡን መተው አልቻሉም፤ ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ዛፉ ሥር ካለችው ቡና አፍይ ዘንድ ይቀመጣሉ። ዱካቸው የታወቀ ነው። ገበጣቸውም እዚያው ይውላል። የዚያን ቀን እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አንገቱ ላይ የውድድሩን ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት መጣና ቡና አዘዘ። ኡጋንዳዊ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። ስኒውን ሊቀበል እጁን እንደዘረጋ ገበጣውን አየ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ኦምዌሶ!" አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ አጎቴ።

"ስም የጠራ ይመስለኛል፣ ጋሼ።"

እንደገና ገበጣውን እያመለከተ ኦምዌሶ አለ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጨለም አለ። ጣቱን እያነሳ ረድፎቹን ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ወደ እኔ ዞረ። "ግማሹ የታለ?" ነበር ጥያቄው።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተርጓሚ ሆንኩ። የእነሱ ጨዋታ አራት ረድፍ አለው። በየረድፉ ስምንት ጉድጓድ። 32 ጉድጓድ፣ 64 ጠጠር። አንዱ ተጫዋች ፊት ለፊቱ ያሉት ሁለት ረድፎች የራሱ ናቸው። ይህን እያወራ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት መሬቱን ይቆፍራል። ጉድጓዶቹ ልክክ ያሉ ነበሩ፤ ብዙ የቆፈረ ሰው እጅ። ሊስትሮዎቹ ሣጥናቸውን ጥለው ጠጠር ለቀማ ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። ቡና አፍይዋ ሁለተኛውን ጀበና ጣደች።

ችግሩ የመጣው ጨዋታው ሲጀመር ነው። በእኛ ገበጣ የበላኸው ጠጠር የአንተ ነው፤ ከሰሌዳው ወጥቶ ጉያህ ይገባል። በእነሱ የተማረከ ጠጠር ከጨዋታ አይወጣም። ማራኪው አንስቶ በራሱ ጉድጓዶች መልሶ ይዘራዋል። ጨዋታው የሚያበቃው አንዱ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ነው።

"የበላሁትን መልሼ ልዝራ?" አሉ አጎቴ። "ከበላሁ በላሁ ነው እንጂ!"

ተረጎምኩለት። ሳቀና "ኖ፣ ሙዜ" አለ። ደጋግሞ ሙዜ ይላቸዋል። አጎቴ መጀመሪያ ዝም አሉ። በኋላ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ይኼ ልጅ ምን ሙዝ ሙዝ ይለኛል?" አሉኝ። ሙዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ አባት እንደማለት መሆኑን ጠይቄው ነገርኳቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሲሸነፉ አንድም ጊዜ አልተቆጡም። እሱም በተራው በእኛው ባለ ሁለት ረድፍ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተበላ። የቡናውን ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው ግን ክርክሩ ከገበጣው ይልቅ ረዘመ።

በማግስቱ አጎቴ አናጺ ቤት ሄዱ። ከዋንዛ አሠሩት። 32 ጉድጓድ።

ዋንጫውን ያን ዓመት ኡጋንዳ ወሰደች፤ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ። እኛ ሦስተኛ ወጣን። አጎቴ ስለ ፍጻሜው ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "የኔ ልጅ አገር ነው ያሸነፈው" አሉ። የራሳቸው አገር የተሸነፈበትን ዋንጫ እንዲህ ደስ ብሎት የተቀበለ ኢትዮጵያዊ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። ስለ ኡጋንዳ አጎቴ ከዚያ ቀን በፊት ምን ያውቁ ነበር? ኢዲ አሚንን። በቃ። እኔስ? ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በዜና ነው። ሱዳን ሲባል ድንበርና ጦርነት። ግብፅ ሲባል ውሃ፤ ያውም እዚሁ ደጃችን ከጣና የሚወጣው ውሃ። ሶማሊያ ሲባል ፍንዳታ። ኬንያ ሲባል ማራቶን። አንድ ሕዝብ ስም የሚኖረው፣ ፊት የሚኖረው፣ "ያ በግራ እግሩ የሚመታው ረጅሙ ልጅ" የሚባለው በጨዋታ ጊዜ ነው። ወይም ገበጣ ላይ።

ኦሊምፒክ እወዳለሁ። በ10 ሺህ ሜትር ሌሊት የማይነሳ ኢትዮጵያዊ አለ እንዴ? ግን ኦሊምፒክ ሩቅ ነው። የተሸነፍክለት ሰው ነገ ቁርስ ላይ አያጋጥምህም። የጎረቤት ውድድር ትንሽ ነው፤ ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ይቆራረጣል። ሆኖም አሸናፊህ ከሱቅህ ነጠላ ጫማ ሲገዛ ታየዋለህ።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። ጎረቤቶቻችንን የምንጋብዘው ለእግር ኳስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ስፖርት በየፌዴሬሽኑ ተበታትኖ፣ በየጓዳው፣ ማንም ሳይሰማ ይካሄዳል። እግር ኳስ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። የአገር ክብር ሁሉ 90 ደቂቃ ውስጥ ይታጨቃል። ከተሸነፍክ ተሸነፍክ፤ ሌላ መካሻ የለም። ብዙ ስፖርት አንድ ላይ ሲሆን ግን ጠዋት በኳስ የተሸነፈ አገር ከሰዓት በመረብ ኳስ ያሸንፋል። ማታ አንዲት ልጁ በጁዶ ሜዳሊያ ታመጣለች። ቂም የሚያዝበት ጊዜ የለም። ሬዲዮኑም አንድ ሽንፈት ብቻ ይዞ ሲያላዝን አያድርም።

ሌሎች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። የሴካፋ ዋንጫ ሥሩ ጎሴጅ ዋንጫ የሚባል ውድድር ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ተጀመረ፤ ስሙን ያገኘው ከሳሙና አምራች ነው። (የሳሙና ዋንጫ! አጎቴ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ንጹህ ጨዋታ ነዋ" አሉ።) በዚያው በ1926 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሜክሲኮ፣ ኩባና ጓቲማላ ተሰብስበው የመካከለኛው አሜሪካን የብዙ ስፖርት ጨዋታ ጀመሩ። ሦስት አገር ብቻ። ዛሬ የካሪቢያን አገሮችንም ጨምሮ በቀጠና ደረጃ ከሚደረጉት ሁሉ አንጋፋው ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ዘር ተዘራ። የእኛ ወገን ኳስ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ የእነሱ ዋናም፣ ሩጫም፣ ቦክስም አበቀለ።

ደቡብ ምሥራቅ እስያዎች በ1959 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ስንት ጦርነት፣ ስንት መፈንቅለ መንግሥት አልፏል። ጨዋታቸው ግን አለ። በጣም የምወድላቸው ነገር የራሳቸውን የሰፈር ጨዋታ ማስገባታቸው ነው። በእግር የሚጫወቱት መረብ ኳስ አለ፣ ሴፓክ ታክራው ይሉታል፤ ኳሷ ጥንት ከራታን ትፈተል ነበር። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎችም በራሳቸው ጨዋታ ላይ ከጎኑ አጋዥ ተንሳፋፊ እንጨት ያለውን ታንኳቸውን፣ ቫአ የሚሉትን፣ ይቀዝፋሉ። ሜዳሊያ ያለው ቀዘፋ ነው።

እዚህ ላይ ጣናን አለማሰብ አይቻልም።

ልጅ ሳለን በታንኳ እንሽቀዳደም ነበር። ታንኳችን የደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እየታሰረ ይሠራል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። ውስጡ ሲገቡ ደረቅ አይደለም፤ ውሃው ከሥር እየሰረገ ቂጥን ያርሳል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ታንኳው ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ተጎትቶ ወጥቶ ቁሞ ፀሐይ ይመታል። ለእሽቅድምድም ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጎበዙ ቀዛፊ ሳይሆን ታንኳውን ትናንት ያሰጣው ልጅ ያሸንፋል። እኔ ሁልጊዜ ማስጣት እረሳለሁ። ሁልጊዜ መጨረሻ እወጣለሁ። አንዴማ ስመለስ ግማሽ አካሌ ውሃ ውስጥ ነበር፤ እናቴ ከውሃው የበለጠ አቀዘቀዘችኝ።

ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ አለን። ታዲያ አንድ የቀዘፋ መሥመር አልተሰመረበትም። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ አለ፤ እሱን እንደ መሰናክል ሩጫ ብንቆጥረው እንኳ አንድ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ትግል። የእኛ የባህል ስፖርት ውድድር ትግል፣ ገና፣ ገበጣ፣ ሻህ፣ ኩርቦ እያለ በየዓመቱ ክልሎችን ያገናኛል። የሱዳን ኑባዎች በትግል የታወቁ ናቸው። ደቡብ ሱዳን ውስጥም ትግል ትልቅ ነገር ነው። ገበጣውን ደግሞ አጎቴ አሳይተውናል። ኡጋንዳ ኦምዌሶ ይላል፤ ሩዋንዳ ኢጊሶሮ፤ የስዋሂሊ ዳርቻ ባኦ። ሦስቱም አራት ረድፍ ናቸው። እንዲያውም አራት ረድፉ ከእኛ ሁለት ረድፍ ይልቅ በዚህ ቀጠና በስፋት የሚጫወቱት ነው፤ ተሳሳተ የተባለው አናጺ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ሐምሌ 2013 ጎረቤቶቻችን እንደገና መጡ። ይህኛው ከ23 ዓመት በታች የሆኑት ሴካፋ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባሕር ዳር ላይ። ጊዜው ከባድ ነበር። በሰሜን ጦርነት አለ። ኮሮና አለ። ክረምቱም የጣና ክረምት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይዘረገፋል። ውድድሩ በተጀመረ ሰሞን፣ ሐምሌ 12፣ የሕዳሴ ግድብ ሁለተኛ ዙር ሙሌት ተጠናቀቀ ተባለ። ከተማው ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ነበር። የታችኞቹ አገሮች ጣቢያዎች ስለ እኛ ክፉ ክፉውን ያወራሉ፤ የእኛም ስለ እነሱ። ውሃው ከሚነሳበት ከተማ ደግሞ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ።

አጎቴ ለኳሱ ግድ አልነበራቸውም። "ያ ልጅ መጥቷል?" ነው ጥያቄያቸው። የጋዜጠኛው ስልክ ቁጥር እኔ ጋ ነበር። ነበር። ወደ ደብረ ማርያም ስንሻገር ፎቶ አነሳለሁ ብዬ ስልኬን ጣና ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ይህን ለአጎቴ ስነግር ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ አንድ ሆቴል ላኩኝ፤ ጋዜጠኞች ካሉ እንድጠይቅ። ጥበቃው ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ሥር ሰቅሎ "ወንድሜ፣ በኮሮና ምክንያት ወደ እንግዶች መቅረብ አይቻልም" አለኝ። ትክክል ነው። ምን ይበል?

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል አጎቴ ባለ አራት ረድፉን ገበጣ ተሸክመው ወደብ ወረዱ። ላስቲክ ሸፍነውበታል። ዛፉ ሥር ዘርግተው ተቀመጡ። ቡና አፍይዋ ክረምት ስለሆነ አልወጣችም። ሐይቁ ግራጫ ነበር። ትራክሱት የለበሰ ሰው አላለፈም። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ጠጠሮቹን ሰብስበው ተመለሱ። እኔ ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ አየኋቸው እንጂ ወርጄ አላነጋገርኳቸውም። ለምን እንዳልወረድኩ እስካሁን ይከነክነኛል።

ፍጻሜው ሐምሌ 23 ነበር። ታንዛኒያና ቡሩንዲ። ፀጉር ቤት ሆኜ ነው የተከታተልኩት፤ ግማሽ ጭንቅላቴ ተላጭቷል፤ ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። ታንዛኒያ አሸነፈች። ፀጉር ቤት ውስጥ የታንዛኒያም የቡሩንዲም ዘመድ ያለው ሰው አልነበረም። ግን ለሁለት ተከፍለን ነበር። እኔ ለቡሩንዲ። ለምን? አላውቅም፤ ግብ ጠባቂያቸውን ወድጄዋለሁ።

ያ ውድድር ባለቀ በሁለት ወር ከምናምን፣ መስከረም 29 ቀን 2014፣ ደቡብ አፍሪካ እዚሁ ሜዳ ላይ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሙ መስፈርቴን አያሟላም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፍንበት ሜዳ ነው። ያኔ ድምፃችን ዓባይ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። ዕድሳት ተጀመረ። ብሔራዊ ቡድኑ ጋናን "በሜዳው" ጆሃንስበርግ ላይ አስተናገደ። "በሜዳችን" የሚለው ቃል ለዓመታት እንዲህ ጥቅስ ውስጥ ገባ።

የዚህ ታሪክ እጅግ የሚገርመኝ ክፍል ግን ሰኔ 2 ቀን 2014 ነው። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ግብፅን! የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። እኛ አስተናጋጅ፣ ግብፅ እንግዳ፤ ቤቱ የሦስተኛ ሰው። ባሕር ዳር በዚያ ምሽት ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። አጎቴ በረንዳ ላይ ሆነው፣ "ድግሱን የሠራነው በሰው ቤት ነው፤ ሰሃኑን ማን ያጥባል?" አሉ።

ነገሩ ከነከነኝና ስለ ሊሎንግዌ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር 2022 እ.ኤ.አ. ይህችው ከተማ የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን የወጣቶች ጨዋታ አስተናገደች። አሥር አገሮች ናቸው፤ አንጎላ፣ ቦትስዋና፣ ኢስዋቲኒ፣ ሌሶቶ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በየሁለት ዓመቱ ይገናኛሉ። ከዚያ በፊት ቡላዋዮ፣ ሉዋንዳ፣ ጋቦሮኔ ተዘዋውሯል። ሩጫ፣ ዋና፣ ቦክስ፣ ጁዶ፣ መረብ ኳስ፣ ኔትቦል። ማላዊ ለዚያ ብላ አዲስ የቤት ውስጥ የስፖርት አዳራሽና የመዋኛ ገንዳ ሠራች።

ማላዊ ሀብታም አገር አይደለችም። ከእኛ በላይ ዘይት አልፈለቀላትም። እሷም ትልቅ ሐይቅ አላት። ቀናሁ፤ እውነቱን ልናገር። የቀናሁት በገንዳው አይደለም፤ ጎረቤቶቿ በየሁለት ዓመቱ ልጆቻቸውን አሳፍረው የሚመጡላት በመሆኑ ነው። የሌሶቶ የ17 ዓመት ልጅ ስለ ናሚቢያ ሲጠየቅ አንድ ሰው ይታወሰዋል። የጎንደር የ17 ዓመት ልጅ ስለ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲጠየቅ ማን ይታወሰዋል? ገዳሪፍ እኮ ለጎንደር ከአዲስ አበባ ይቀርባል።

እርግጥ አንዳንዱ ወዳጄ "አንተ ደግሞ፣ ዳቦ ሳይኖር ጁዶ!" ይለኛል። ጦርነቱስ፣ ኑሮ ውድነቱስ? እውነቱን ነው። ከተማችን ውስጥ ከመሸ በኋላ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያልተቻለበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንኳን የአሥር አገር ልጅ ልትጠራ። ግን እስያዎቹም ሰላም እስኪወርድ አልጠበቁም። እኛም በ1980 ዓ.ም. ሰላም ሆኖልን አልነበረም። ያን ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሴካፋን በላነው፤ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን። አጎቴ በሬዲዮ ነው የሰሙት። የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ አሁንም ሲያስታውሱ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ። ያኔ ወንድማቸው ግንባር ነበር። "ለሁለት ሰዓት ያህል ስለሱ አላሰብኩም" አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያው ወሬ ቀየሩ።

ነሐሴ 2017 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ተባብረው ቻንን፣ በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ውድድር፣ አዘጋጁ። ሦስት ጎረቤት በአንድ ድግስ። ይህን ውድድር እኛም በ2020 እ.ኤ.አ. ልናዘጋጅ ተሰጥቶን ነበር፤ ወደ ካሜሩን ሄደ። ሦስቱ ደግሞ የ2027ን (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫም ይዘዋል። የፍጻሜውን ዕለት አጎቴ ቤት ነበርኩ። ሞሮኮ ማዳጋስካርን 3 ለ 2 አሸነፈች። ናይሮቢ ላይ ነው። ካሜራው ሕዝቡን ባሳየ ቁጥር አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ።

"እዚያ ይኖር ይሆን?" አሉ።

"ማን፣ ጋሼ?"

"ያ ልጅ።"

"ናይሮቢ እኮ ኬንያ ነው። እሱ ኡጋንዳዊ ነው።"

"ጋዜጠኛ አይደል? ጋዜጠኛ ቤት የለውም።"

ቴሌቪዥኑን አጠፉና ገበጣውን ከሥር ሳቡት። ሽሮው እስኪበስል እንጫወት አሉ። ጠጠሮቹ አሁንም የጣና ዳር ጠጠሮች ናቸው፤ ሊስትሮዎቹ የለቀሟቸው። ስንቆጥር 63 ሆኑ። አንዱ የት እንደገባ አልታወቀም። የአጎቴ ሚስት ከጓዳ አንድ ባቄላ ወርውረውልን ሞላ። ባቄላው በየዙሩ ሲዘራ እሱን እያየሁ ጨዋታው ይጠፋብኛል፤ አንዴ በእኔ ረድፍ፣ አንዴ በእሳቸው።

አሥር ዓመት ሙሉ ስሸነፍ ኖሬያለሁ። ያን ምሽት ግን ከባቄላዋ ተነስቼ ስዘራ፣ ስማርክ፣ መልሼ ስዘራ፣ እንደገና ስማርክ ዞርኩ ዞርኩና ቆምኩ። ቀና ስል አጎቴ የሚያነሱት ጠጠር የላቸውም። ረድፎቻቸውን በጣታቸው አንድ በአንድ ነካኩ። ሁለቱንም።

"አሸነፍኩዎት፣ ጋሼ!" አልኩ።

"አይቆጠርም" አሉ፤ ጠጠሮቹን እንደገና መደርደር ጀምረዋል። "ዕቃው የጎረቤት ነው።"